ደሴት ላይ ምን ይሠራል?

የረጠበ ደንገል በሸተተኝ ቁጥር ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ። ባለፈው ባሕር ዳር፣ ከገበያ ወደ ቤት ስመለስ፣ አንድ ሰውዬ ከሐይቁ ያወጣውን የደንገል ታንኳ ግንብ አስደግፎ ሲያጠነፍፍ አገኘሁና፣ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ሳሸት፣ «እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ እንጂ» አልኩት፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ደንገል ሲደርቅ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ ሲረጥብ ግን ጭቃውም፣ ዓሣውም፣ ለምለም ሣሩም ባንድ ላይ ይሸታል፣ እኔንም ብድግ አድርጎ ስምንት ዓመቴ ላይ ያስቀምጠኛል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ገና ማግባቷ ነው። ባሏ ለዕረፍት ደሴት ልውሰድሽ ብሏት፣ «ኧረ እዚያ ሄደን ምን ልንሠራ ነው? ውኃ ስናይ ልንከርም?» ስትል ሰማሁና ሳቄ መጣ። እኔን ነበር መጠየቅ! ደሴት ላይ ከሚሠራ ነገር እኔ ያልሠራሁት የለም። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ፤ ቤቴ ገብቼ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሆዴ ባባ።

የተወለድኩት ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ካለ ደጋ መንደር ነው። የኛ ሰው ገብስና ባቄላ ያውቃል እንጂ ፍሬ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሎሚ እንኳ የምናየው ሰው ሲታመም፣ ከገበያ ተፈልጎ ነበር። ውኃም ቢሆን ከጉልበት ሲያልፍ የምናየው በክረምት ነው፣ እሱም ከብት የሚወስድ ደራሽ እንጂ ሰው የሚገባበት አልነበረም። ውኃ ውስጥ ለደስታ የሚገባ ሰው አለ ቢሉን እብድ ነው የምንለው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነበር። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሐምሌ ላይ ጥቂት አካፍቶ ተነሣ፣ ገብሱ ገና ሳያሽት ቆሞ ደረቀና አባቴ ማጭድ ሳያነሣ ለከብት ለቀቀው። በበጋው ከብቶቹም አንድ በአንድ ወደ ገበያ እየተነዱ ሄዱ፣ እምዬ ጎታውን ውስጡ ገብታ በእጇ ጠራረገችው፣ መቀነቷንም ወገቧ ላይ በየጊዜው አንድ ዙር ትጨምርበት ነበር። እኔ መቀነቱ የረዘመ ይመስለኝ ነበር፤ ልጅ ምን ያውቃል።

አንድ ቀን አባቴ ጠራኝና፣ «የሻረግ፣ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ትንሽ ቦርቂ፤ ክረምት ሳይገባ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። አክስቴ ይታይሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ድሮ ለአንድ የሐይቅ ሰው ተድራ ደሴት ላይ የቀረች፣ እግዜር ልጅ ያልሰጣት። ዘመዶቻችን ስሟን ሲያነሡ «ያች ውኃ የበላት» ይሏት ነበር፣ በሕይወት መኖሯን እያወቁ። እምዬ ፀጉሬን ሠርታ፣ ቀሚሴን አጥባ፣ ታናሽ ወንድሜን እንዳዘለች እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኘችኝ። «ደስ ይልሻል፤ እዚያ ሁሉ ነገር አለ» አለችኝና ፈጥና ተመለሰች።

እስከ መካነ ኢየሱስ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ቁልቁል ወርደን ሜዳውን አቋርጠን ሐይቁ ዳር ደረስን። ያን ያህል ውኃ ባንድ ቦታ ተኝቶ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። እኛ አገር የቀረው ዝናብ ሁሉ ለካ እዚህ ተደብቋል! አባቴን እጁን ጎትቼ፣ «ይህን ሁሉ ማን ቀዳው?» አልኩት፣ እሱም ከልቡ ሳቀ፣ እኔ ካየሁት የመጨረሻው ሳቁ ነበር ለብዙ ዓመት። የአክስቴ ባል አያ ታከለ ታንኳውን ይዞ ይጠብቀን ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር ሲናገር ግማሹን ውጦ የሚያስቀር ሰው ነው። ደንገሉ ከሥር ውኃ እያስገባ ቂጣችንን ሲያረጥበን አባቴ ሁለቱን ዳር ጨምድዶ ይዞ፣ ማዶ እስክንደርስ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ» ሲል ሄደ።

ደሴቱ ላይ እንደደረስን ተደግሶ አገኘን። ጠላው ደርሷል፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ለኔም አዲስ ቀሚስ ተዘጋጅቷል። አክስቴ ማር በጣሳ አስመጥታ አውራ ጣቷን ነከረችና፣ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ዓለም» ብላ አጎረሰችኝ። እኔ ማር ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ! ጣቷን እስኪነጣ ድረስ ጠባሁትና፣ «ድገሚኝ» ስል ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ተነሥተው አክስቴን፣ «ትጡርሽ፣ ትቅበርሽ» ብለው መረቁ፣ ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ፣ አባቴ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የኛ አገር ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ በማር ጣት የጠባ ልጅ ለዚያች ሴት የጡት ልጅ ነው፣ ከሆዷ እንደወጣ ይቆጠራል፣ ሰውም ታቦትም ይመሰክራል። እኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበርና ደሴት ላይ እንግዳ የሚቀበሉት በማር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ መሰጠቴን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ በማግሥቱ ሄደ፣ እኔም ቡረቃዬን ጀመርኩ። በጋውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጠዋት ከሎሚው ዛፍ ሥር የወደቀውን ለቅሜ እየመጠጥኩ ወደ ውኃው እወርዳለሁ፤ አያ ታከለ ደረቅ ቅል ወገቤ ላይ አስሮ ዋና አስተማረኝ፣ «እግርሽን አንሺ፣ ውኃው ይሸከምሻል» ይለኝና ሳምነው እውነቱን ሆነ። ስደክም ፀሐይ ያጋለው ዓለት ላይ በሆዴ ተኝቼ እንደ ቋንጣ እደርቅ ነበር። ከዚያ ዓሣ እናጠምዳለን፣ ዓሣውን አክስቴ በጨውና በሎሚ አሽታ ትጠብሰዋለች፤ ከዚያ ፓፓያ፣ ከፓፓያው በኋላ እንደገና ውኃ። ቀኑ ሊጨልም ሲል ጉማሬው ከሸንበቆው ውስጥ ሲያጉረመርም እሰማና እየጮህኩ ወደ ቤት እሮጣለሁ፣ አክስቴም በሩ ላይ ቆማ፣ «ነይ፣ ነይ፣ ያ ወፍራም አማችሽ መጣ!» እያለች ታስቀኝ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ጉንጬ ሞልቶ፣ ቀሚሴ ጠቦኝ፣ አክስቴ በጎንና በጎኑ ተረተረችልኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን ደስታው ሁሉ እምዬን ይፈልግ ነበር። ጥሩ ነገር ባየሁ ቁጥር «ይህን ለእምዬ አሳያታለሁ» እል ነበርና፣ ሳሳያት እየታየኝ ነበር የምደሰተው። ሰማዩ የጠራ ዕለት ከሐይቁ ማዶ ጉና ተራራ ይታያል። ከጉና ጀርባ ስማዳ መሆኑን አያ ታከለ ነግሮኝ ነበርና፣ ዓለቱ ላይ ተጋድሜ ያንን ተራራ አፍጥጬ ሳይ እውል ነበር። አክስቴ አንዳንዴ ከኋላዬ መጥታ ትቆማለች፣ ራሴን ዳብሳ ትመለሳለች።

ክረምቱ ገባ፣ አባቴ አልመጣም። ዝናቡ በዚያ ዓመት እንደጉድ ዘነበ፣ ሐይቁ ሞልቶ የምተኛበትን ዓለት ዋጠው፣ ታንኳ የሚያሻግር ሰው ጠፋ። እኔ ግን ዝናቡን ሳይ በደስታ እዘል ነበር፤ እዚህ ከዘነበ ስማዳም ዘንቧል፣ ስማዳ ከዘነበ ገብሱ በቅሏል፣ ገብሱ ከበቀለ አባዬ ይመጣል፣ ብዬ ነበር የማስበው። ነሐሴ ላይ ሐይቁ አንድ ቀን ጸጥ ሲል አያ ታከለ ማዶ ገበያ ደርሶ ተመለሰና፣ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ «የጋይንትንና የስማዳን ሰው ለሰፈራ እየመዘገቡት ነው፤ በመኪና እየጫኑ ነው አሉ…» ሲል አክስቴ፣ «አንተ ሰው፣ ልጅ አለች!» ብላ አቋረጠችው። እንዳመሉ ግማሹን ዋጠው። ሰፈራ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ እጄን ስትይዘኝ ታጠብቀው ነበር።

መስከረም ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት ልብስ ስናጥብ የአያ ታከለ ታንኳ ከሩቅ ታየች፣ ከኋላው ነጭ ነገር ተቀምጦ። ልቤ ቀድሞኝ አወቀ። እምዬ ወንድሜን በጀርባዋ አዝላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ታንኳው ዳር ሲነካ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች፣ ደሴቱን ወዳ ሳይሆን ከውኃው በመትረፏ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይቺ ወፍራም የማን ልጅ ናት እባካችሁ?» አለች። ዘልዬ ተጠመጠምኩባት። ከአጥንት በቀር የምይዘው አላገኘሁም፤ እኔ ሳልደገፋት እሷ ተደገፈችኝ።

ወዲያው ሮጥ ብዬ የድሮ ቀሚሴን በጨርቅ ቋጠርኩና፣ «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኳት። «ቆይ እስቲ፣ ገና እግሬ ሳይደርቅ! ያየሽውን ሁሉ አሳዪኝ እንጂ» አለችኝ። ቋጠሮዬን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩትና እየጎተትኩ ወሰድኳት።

እነዚያ ቀናት! በዚህ ዕድሜዬ ሁሉ እነዚያን ቀናት የሚያህል ነገር አላገኘሁም። መጀመሪያ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ ውኃው ዳር ቆመች፣ በማግሥቱ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ በሦስተኛው ቀን ከነቀሚሷ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና፣ «ኧረ ጉድ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እስከ ዛሬ ይህን ደብቃችሁኝ ነው!» እያለች ውኃውን በመዳፏ ትመታው ጀመር። አክስቴ ዳር ላይ ሆና በሳቅ ሆዷን ይዛ ነበር። ዓሣ ሲቀርብላት፣ «ይህ ዓይኑን አፍጥጦ እያየኝ እንዴት እበላዋለሁ?» ብላ አስቸገረች፣ አክስቴ ራሱን ቆርጣ ስትጥልላት ግን አጥንቱን እስክትግጥ በላችና፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ እንዲህ ጠግቤ እንደነበር» አለችኝ። ይህን ብላ የያዘችውን አጥንት ድንገት አስቀመጠች፣ አክስቴም ገበታውን ማንሣት ጀመረች። እኔ የዓሣ ነገር ነው ብዬ፣ «አልነግረውም» ብዬ ማልኩላት።

አንድ ቀን በቀትር ሎሚው ሥር ተኛች። እናቴን በፀሐይ ተኝታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ ዘንድ ቀን የሥራ ነው፣ ስትታመም እንኳ ቆማ ነበር የምትታመም። አፏን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ወንድሜ ጡቷ ሥር ተወሽቆ፣ እንደ ልጅ ነበር የተኛችው። ዝንብ እንዳያነቃት በቅጠል እየተከላከልኩ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ፣ አክስቴም በዚያ ስታልፍ በእግሯ ጣት ነበር የምትራመድ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተክሉ ውስጥ ሎሚ ስፈልግ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ጥሩ፣ ሆድሽ ካልቆረጠ ውሰጃት» ትላለች አክስቴ፣ «ማር አጉርሻለሁ ብዬ ልጅ ከእናቷ አልነጥቅም። እኔ ለምጄዋለሁ ባዶ ቤት።»

«እትዬ፣ እንዲህ አይበሉኝ» አለች እምዬ፣ ለባሏ ታላቅ እህት ሁልጊዜ በአክብሮት ነበር የምትናገር። «ከመስቀል በኋላ ደብረ ታቦር ተሰብሰቡ ተብለናል። ወዴት እንደሚወስዱን እንኳ የነገረን የለም፣ በረሃ ነው ይላሉ፣ ወባው ልጅ አያስቀርም ይላሉ። ትንሹ በጡቴ ነው፣ ትቼው አልሄድ። እሷን ግን አንቱ ዘንድ ትቼ በሕይወት አለች ብል ይሻለኛል፣ ይዣት ሄጄ ከምቀብራት።»

ሎሚዬን ጥዬ ብቅ አልኩ። «እኔ አልቀርም! ቋጠሮዬ ዝግጁ ነው!»

እምዬ ወደሷ ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። «የመጣሽ ዕለት ማር አጉርሳሽ የለም?» አለችኝ፣ «ያን ዕለት ነው ልጇ የሆንሽ። እኔና አባትሽ ተማክረን የሰጠንሽ ነው።»

«የእንግዳ ማር መስሎኝ ነው እንጂ! ማንም አልነገረኝም! እንግዲያውስ እተፋዋለሁ!» አልኩና ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ። እምዬ እጄን ይዛ ስታወጣው እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «አይወጣም፣ የኔ እናት፣ አይወጣም። ደግሞ ያጎረሰችሽ ደግ ሰው ናት። እማ በያት፣ እኔ አልቀናም» አለችኝ። ውሸቷን ነበር፤ ስትናገር ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሄደች። ታንኳው ላይ ፊቷን ወደኔ አድርጋ፣ ወንድሜን ታቅፋ ተቀመጠች፣ አያ ታከለ ቀና ሳይል ይቀዝፋል። ከአክስቴ እጅ አምልጬ ውኃው ውስጥ ዘለልኩና መዋኘት ጀመርኩ። «ተመለሺ! ኧረ ተመለሺ!» እያለች እምዬ ጮኸች፣ እኔ አልተመለስኩም፣ ጥቂት እንደዋኘሁ ግን ጩኸቷ ተለወጠ፤ «እዩልኝ! እዩልኝ ልጄ እንዴት እንደምትዋኝ!» እያለች በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በአንድ እጇ ወንድሜን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳየው ነበር። ጉልበቴ እስኪያልቅ ተከተልኳት። ከዚያ የማስታውሰው ዋና የማትችለዋ አክስቴ ውኃው አንገቷ ድረስ ደርሶ፣ ነጠላዋ ተንሳፍፎ፣ ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ ነው። ዳር ላይ ሁለታችንም ተዘረርን፤ ክንዴን ሳትለቅ፣ «ምነው ልጄ፣ እኔንም አስቢልኝ እንጂ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እማ» ያልኳት ያን ጊዜ ነው።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት አባቴና ወንድሜ ከሰፈራው ተመለሱ። እምዬ አልተመለሰችም፤ በሁለተኛው ክረምት ወባ ወሰዳት። አባቴ አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ደሴቱ ላይ ሊያየኝ መጥቶ ነበር። «እዚያ በረሃ» አለኝ፣ «ሰው ሁሉ ስለ አገሩ ሲያወራ እናትሽ ስለዚህ ውኃ ነበር የምታወራ። ዓሣ በላሁ ትላለች፣ በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ ትላለች፤ ሴቶቹ አያምኗትም ነበር።» እኔ ያን ያህል ዓመት እምዬ ልትሰናበተኝ ብቻ የመጣች ይመስለኝ ነበርና፣ ለእሷም ደስታ እንደነበር ያወቅሁት ከእሱ አፍ ነው። አክስቴም በጊዜዋ ሄደች፤ እንደ ቄሱ ምርቃት ጦሬያት፣ እዚያው ደሴቱ ላይ ቀበርኳት።

አሁን ልጆቼን ይዤ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ባለሞተር ጀልባ ነው፣ ቂጥ የሚያረጥብ ነገር የለም፣ ወሬ ሳይሞቅ ያደርሳል። ልጆቼ ይዋኛሉ፣ ዓሣ ያስጠብሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሲሰለቻቸው ስልካቸው ላይ ይደፋሉ፤ ደሴት ለእነሱ ደሴት ብቻ ነው፣ ተመስገን ነው። እኔም ከነቀሚሴ ዘፍ ብዬ ውኃው ውስጥ እቀመጣለሁ፣ እነሱም «እማ ደግሞ፣ ዋና ልብስ አለ እኮ!» ይሉኛል። ወደ ማታ ጀልባው ሲመጣ ግን ጸባዬ ይለወጣል፤ ሁሉም ሳይገባ አልገባም፣ ዳር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ አሳፍራለሁ። ትልቁ ልጄ፣ «ኧረ እማ፣ እንደ አውቶቡስ ረዳት!» ብሎ ይስቅብኛል፣ ሌሎቹም አብረው ይስቃሉ። ይሳቁብኝ። ጀልባው ሲነሣ ዞር ብዬ ዳሩን አየዋለሁ፤ ባዶ ነው፣ የቀረ ልጅ የለም፣ ሁላችንም አብረን እየሄድን ነው።